የሱቅ ሒሳብን በኤስኪውኤል መጠየቅ፦ ከኤክሴል ፋይል እስከ ዱቤ ቀሪ

አክስቴ የአስቤዛ ሱቅ አላት። ሽያጯን ከ2015 ጀምሮ በኤክሴል ትመዘግባለች፣ ዱቤውን ደግሞ ለብቻው በሌላ ፋይል። አንድ ቀን ደወለችና «ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ሰሞን ስንት ዘይት ሸጥኩ? ዘንድሮ ስንት ላስመጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። ፋይሉን ከፈትኩ፣ ፊልተር አደረግኩ፣ ደመርኩ፣ ከካቻምናው ጋር ለማነጻጸር እንደገና ፊልተር አደረግኩ፣ አንድ ሰዓት ሄደ። አሁን ያው ጥያቄ ጥቂት መስመር ኩዌሪ ነው፣ ማለትም ኤስኪውኤል በሚባለው ቋንቋ ለዳታቤዝ የሚጻፍ ጥያቄ። መልሱ ስልኩን ሳትዘጋው ይወጣል።

እንዴት እንደዚያ እንደሚሆን ከሀ ጀምሬ ላሳያችሁ። ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። ኤክሴል ላይ መደመርና ፊልተር ማድረግ ከቻላችሁ በቂ ነው። ግን ከአሁኑ አንድ ነገር ያዙልኝ። ስህተት አለ ብሎ መልእክት የሚያወጣ ኩዌሪ አያስፈራም፣ አርማችሁት ትቀጥላላችሁ። የሚያስፈራው ምንም ሳይል የተሳሳተ ቁጥር የሚሰጣችሁ ነው፤ መረጃው በአማርኛ ሲሆን፣ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ይህ በብዙ በር ይገባል። ስለዚህ ቁጥሩን እንዴት እንደምትፈትሹት ጭምር በየደረጃው እጽፋለሁ።

ደረጃ 1፦ ሶፍትዌሩ

የምንጠቀመው ዲቢ ብራውዘር ፎር ኤስኪውላይት የሚባለውን ነው። ነጻ ነው፣ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ ይሠራል። እኔ የመረጥኩት አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ነው። ሰርቨር የለ፣ ፓስወርድ የለ፣ ዳታቤዙ በሙሉ አንድ ፋይል ነው፣ ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ወደ ሱቁ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ከሥር የሚሠራው ኤስኪውላይት በ2000 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ሂፕ ያወጣው ነው። አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ የስልክ ቁጥር ዝርዝራችሁን የያዘው ይኸው ኤስኪውላይት ነው።

ቋንቋው፣ ማለትም ኤስኪውኤል፣ ከዚያም ይቀድማል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አይቢኤም ውስጥ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ጀመሩት፣ በ1986 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ መደበኛ ደረጃ ወጣለት። በዚህ ምክንያት እዚህ የምትማሩት አብዛኛው ነገር ሌላም ቦታ ይሠራል። ማይክሮሶፍት አክሰስ ያላችሁ ክሪኤት ውስጥ ኩዌሪ ዲዛይንን ከፍታችሁ ወደ ኤስኪውኤል ቪው ቀይሩ። ሊብሬኦፊስ ቤዝ ላይ ኩዌሪስ የሚለው ውስጥ በኤስኪውኤል የሚጻፍበት ምርጫ አለ። ልዩነቶች አሉ፣ ለምሳሌ ደረጃ 7 ላይ የምናየው ዊዝ አክሰስ ላይ የለም፣ ግን መሠረቱ አንድ ነው።

ስለ አጻጻፉ ልንገራችሁ። የትእዛዝ ቃላቱን እዚህ እንደሚጠሩ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፦ ሰሌክት (SELECT)፣ ፍሮም (FROM)፣ ዌር (WHERE)። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሳችሁ በላቲን ፊደል ነው የምታስገቧቸው። የሠንጠረዥና የዓምድ ስም በአማርኛ መሆን ይችላል፣ ኤስኪውላይት ይቀበለዋል። የትእዛዝ ቃሉን በትክክል ከጻፋችሁት ቀለሙ ይቀየራል፣ ካልተቀየረ ፊደል ገድፋችኋል ማለት ነው።

ሁለት ኪቦርድ እያቀያየሩ መጻፍ አንድ ወጥመድ አለው። የአማርኛው ኪቦርድ ላይ እያላችሁ ኮማ ስትነኩ «፣» ይገባል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ኮማ ብቻ ስለሆነ «፣»ን እንደ ማንኛውም ፊደል የስሙ አካል አድርጎ ያነበዋል፣ ከዚያ «ዕቃ፣» የሚባል ዓምድ የለም ብሎ ይመልስላችኋል። መልእክቱን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ነጠላ ሰረዙ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይታያል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ይህ ነበር። ከቴሌግራም ወይም ከዎርድ ኮፒ ስታደርጉም ቀጥ ያለችው ነጠላ ጥቅስ ወደ ጠማማዋ ተቀይራ ትመጣለች፣ እሷንም በእጅ መልሷት።

ደረጃ 2፦ ኤክሴሉን ማሰናዳት

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ከኩዌሪ ችግሮች ብዙዎቹ የሚወለዱት እዚህ ነው።

አንድ ሺት፣ አንድ ሠንጠረዥ። የመጀመሪያው ረድፍ የዓምዶቹ ስም ይሁን፤ ከላዩ የሱቁ ስም፣ ሎጎ፣ የተዋሐደ ሴል ካለ ሰርዙት፣ ከታች ያለውን የድምር ረድፍም እንዲሁ። ድምሩን ከተዋችሁት ኩዌሪው እንደ አንድ ሽያጭ ይቆጥረዋል፣ ሁሉም ነገር እጥፍ ይሆናል። የአክስቴ ሠንጠረዥ አራት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ ዕቃ፣ ብዛት፣ ዋጋ። ስሞቹ አጭርና አንድ ቃል ይሁኑ። «የአንዱ ዋጋ» ካላችሁ በየጊዜው በድርብ ጥቅስ ልትከቡት ነው፤ «የአንዱ_ዋጋ» በሉትና ተገላገሉ። አጻጻፉንም አንዱን ያዙ፣ «ዕቃ» ብላችሁ ሰይማችሁ ኩዌሪው ላይ «እቃ» ብትሉት አያውቀውም።

ቀኑ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የምትመዘግቡ ከሆነ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉት፣ ወሩና ቀኑ ሁልጊዜ ሁለት አሃዝ ይኑራቸው፦ 2017-01-15። እንዲህ ከሆነ ጽሑፍ ሆኖም በትክክል ይደረደራል፣ ጳጉሜን እንኳ 2016-13-05 ተብላ ከ2017-01-01 በፊት ቦታዋን ይዛ ትገኛለች። ግን ከመጻፋችሁ በፊት የኤክሴሉን ዓምድ ፎርማት ወደ ቴክስት ቀይሩት። ካልቀየራችሁት ኤክሴል 2017-01-15ን የፈረንጅ ቀን ነው ብሎ ይወስድና ወደ ራሱ አጻጻፍ ያዞረዋል፣ ጥቅምት 30ን እና ጳጉሜን ግን እንዲህ ያለ ቀን በእሱ ዘንድ ስለሌለ እንዳሉ ይተዋቸዋል። አንድ ዓምድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቀን አላችሁ ማለት ነው። ፊልተሩም ግማሹን ብቻ ያገኛል።

በዚሁ ምክንያት የኤስኪውላይትን የቀን ፈንክሽኖች በእኛ ቀን ላይ አትጠቀሙ። እነሱ የሚያውቁት 12 ወር ነው፣ ጳጉሜን ሲሰጣቸው ባዶ ይመልሳሉ። ወሩን ስትፈልጉ ከጽሑፉ ቆርጣችሁ ውሰዱ፣ እንዴት እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ አለ።

ሲያልቅ ሴቭ አዝ ውስጥ ገብታችሁ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ። ከዝርዝሩ ውስጥ ተራው ሲኤስቪም አለ፣ እሱን ከመረጣችሁ አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው የለም፣ ዋናው የኤክሴል ፋይል ካልተቀመጠ በቀር።

ደረጃ 3፦ ማስገባት

ዲቢ ብራውዘርን ክፈቱ፣ «ኒው ዳታቤዝ» በሉና ፋይሉን ሱቅ ብላችሁ አስቀምጡት። ሠንጠረዥ ፍጠሩ የሚል መስኮት ወዲያው ይመጣል፣ ካንስል አድርጉት፤ ሠንጠረዡ ከሲኤስቪው ራሱ ይፈጠራል። ከዚያ ፋይል፣ ኢምፖርት፣ ቴብል ፍሮም ሲኤስቪ ፋይል። ሠንጠረዡን «ሽያጭ» በሉት። የመጀመሪያው መስመር የዓምድ ስም ነው የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት፣ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን እዩ። ከታች ናሙናው ይታያል፣ አማርኛው በትክክል ከተነበበና ዓምዶቹ ከተለያዩ ኦኬ በሉ። ስልክ ቁጥር ያለበት ፋይል ከሆነ ተጠንቀቁ፦ ፕሮግራሙ ዓምዱን ቁጥር ነው ብሎ ከገመተ የ09 ዜሮዋን ሊያጠፋት ይችላል፣ አድቫንስድ ውስጥ ግምቱን ማጥፊያ አለ።

ከዚያ የመጀመሪያው ፍተሻ። «ኤክስኪውት ኤስኪውኤል» የሚለውን ታብ ክፈቱና ይህን ጻፉ፦

ሰሌክት ካውንት(*)
ፍሮም ሽያጭ;

ኤፍ5ን ተጫኑ። የሚወጣው ቁጥር ኤክሴሉ ላይ ካለው የረድፍ ብዛት ጋር፣ የርዕሱን ረድፍ ቀንሳችሁ፣ እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ ወደፊት አትሂዱ።

ደረጃ 4፦ ጥያቄውን መጀመሪያ በአማርኛ

ኩዌሪ ከመጻፌ በፊት የምፈልገውን በአማርኛ አንድ መስመር እጽፋለሁ። ሁለት ሰረዝ ካስቀደማችሁለት ፕሮግራሙ ይዘለዋል፣ ለእናንተ ግን ከስድስት ወር በኋላ ፋይሉን ስትከፍቱት ምን ፈልጋችሁ እንደነበር ይነግራችኋል።

-- በ2017 ፋሲካ ሰሞን ዘይት መቼ መቼ ተሸጠ?
ሰሌክት ቀን, ዕቃ, ብዛት
ፍሮም ሽያጭ
ዌር ዕቃ = 'ዘይት'
  ኤንድ ቀን ቢትዊን '2017-08-01' ኤንድ '2017-08-12';

ሰሌክት የትኞቹን ዓምዶች ማየት እንደምትፈልጉ ይናገራል፣ ፍሮም ከየትኛው ሠንጠረዥ፣ ዌር የትኞቹን ረድፎች። ቢትዊን ሁለቱንም ዳር ያጠቃልላል። በ2017 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ስለነበር ከወሩ መባቻ እስከ በዓሉ ያለውን ወስጃለሁ። ጽሑፍ ሁልጊዜ በነጠላ ጥቅስ ነው። ድርብ ጥቅስ ለስም ነው፣ እና ኤስኪውላይት በድርብ ጥቅስ ያለን ነገር ዓምድ ሆኖ ካላገኘው ዝም ብሎ እንደ ጽሑፍ ሊያየው ይችላል። የዓምድ ስም ተሳስታችሁ ስህተት ሳይወጣ የሚያልፈው እንዲህ ነው።

ሙሉውን በአንድ ትንፋሽ አትጻፉት። መጀመሪያ ሰሌክት እና ፍሮም ብቻ ጽፋችሁ መጨረሻው ላይ ሊሚት 20 ጨምሩ፣ ራን አድርጉ፣ እዩ። ቀጥሎ አንዱን ማጣሪያ ጨምሩ፣ ራን አድርጉ። ከዚያ ሁለተኛውን። ከውጤቱ ሥር ያለው የመልእክት ሳጥን ስንት ረድፍ እንደመጣ ይነግራችኋል፣ እያንዳንዱ ማጣሪያ ሲጨመር ቁጥሩ መቀነስ ወይም ባለበት መቆየት አለበት። አንዱን ጨምራችሁ ቁጥሩ ካደገ የሆነ ነገር ተበላሽቷል።

አሁን የአክስቴን ጥያቄ በሙሉ። ካቻምና፣ በ2016፣ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር፣ ስለዚህ እዚያም 12 ቀን እንውሰድ፦

ሰሌክት ሰብስትር(ቀን, 1, 4) አዝ ዓመት, ሰም(ብዛት) አዝ ጠቅላላ
ፍሮም ሽያጭ
ዌር ዕቃ = 'ዘይት'
  ኤንድ (ቀን ቢትዊን '2016-08-16' ኤንድ '2016-08-27'
    ኦር ቀን ቢትዊን '2017-08-01' ኤንድ '2017-08-12')
ግሩፕ ባይ ዓመት;

ሰብስትር (SUBSTR) ከጽሑፉ ላይ ይቆርጣል፦ ከ1ኛው ፊደል ጀምሮ 4 ፊደል፣ ማለትም ዓመቱ። ወሩን ከፈለጋችሁ ከ6ኛው ጀምሮ 2 ነው። ሰም (SUM) ይደምራል፣ አዝ ለውጤቱ ስም ይሰጣል፣ ግሩፕ ባይ ደግሞ አንድ ዓይነቱን በአንድ ረድፍ ይሰበስባል።

ቅንፉን ግን እዩልኝ። ኤንድ ከኦር በፊት ነው የሚታሰረው። ቅንፉን ብትረሱት ኩዌሪው «በ2016 ሰሞን የተሸጠ ዘይት፣ ወይም በ2017 ሰሞን የተሸጠ ማንኛውም ነገር» ይሆናል። ስህተት አይወጣም። ሁለት ረድፍ ይመጣል፣ ሁለት ቁጥር፣ ሁለቱም ያማሩ። ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ፓስታው ሁሉ ዘይት ሆኖ ተደምሯል፣ እና በዚያ ቁጥር ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ገንዘቡ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል። ኤንድና ኦር አንድ ላይ ሲመጡ ሁልጊዜ ቅንፍ አድርጉ።

ደረጃ 5፦ የፊደላችን ነገር

ይህን የምጽፈው በሰፊው ነው፣ ምክንያቱም የውጭዎቹ መመሪያዎች አይነግሯችሁም።

እኛ «ሳሙና»ንና «ሣሙና»ን አንድ አድርገን እናነባለን። ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ዌር ዕቃ = 'ሳሙና' ካላችሁ በንጉሡ ሠ የተጻፈው በሙሉ ከሒሳቡ ይወጣል፣ ግሩፕ ባይ ካደረጋችሁ ሁለት ሳሙና ይወጣላችኋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ሁሉም ያው ናቸው። የደንበኛ ስም ላይማ ይብሳል፣ «ፀሐይ»ን አራት ዓይነት ተጽፋ አግኝቻታለሁ፣ ያውም በአንድ ሰው እጅ።

መፈለጊያው ይህ ነው፦

ሰሌክት ዕቃ, ካውንት(*) አዝ ስንቴ
ፍሮም ሽያጭ
ግሩፕ ባይ ዕቃ
ኦርደር ባይ ዕቃ;

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በዓይናችሁ አንብቡት። ስንቴ የሚለው 1 ወይም 2 የሆነው አብዛኛውን ጊዜ የአጻጻፍ ስህተት ነው። ሁለቱ ሳሙናዎች ግን ጎን ለጎን አይመጡም፤ ኮምፒውተሩ የሚደረድረው ልጅ ሆነን በተማርነው ቅደም ተከተል ነው፣ ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ፣ እና በሠና በሰ መካከል የረ ዕቃዎች በሙሉ ይገባሉ። ሩዝን አልፋችሁ ፈልጉ።

ሁለት ረድፍ በዓይን ፍጹም አንድ ሆነው ከታዩ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው፣ «ስኳር» እና «ስኳር » ማለት። ትሪም(ዕቃ) ብላችሁ ከጻፋችሁ የዳሩን ባዶ ቦታ ያነሳዋል።

ሌላው ላይክ ነው። ከፊል ቃል ለመፈለግ ይጠቅማል፦

ዌር ዕቃ ላይክ '%ስኳር%'

የፐርሰንት ምልክቱ «እዚህ ምንም ነገር ቢኖር» ማለት ነው። ይህ «ስኳር 1 ኪሎ»ንና «ቡናማ ስኳር»ን ያገኛል። «ስኳሩ»ን ግን አያገኝም። በላቲን ፊደል ቢሆን መጨረሻው ላይ አንድ አናባቢ ተጨመረ ማለት ነበር፣ በእኛ ግን ር ራሱ ሩ ሆኗል፣ ሌላ ፊደል። ስለዚህ ቃሉን የመጨረሻው ፊደል ሳይነካ ቁረጡት፦ '%ስኳ%'። ትንሽ ትርፍ ነገር ቢያመጣም የሚጎድል የለም፣ ትርፉን በዓይን ትለያላችሁ።

ደረጃ 6፦ መደመር

የትኛው ዕቃ ነው ገንዘብ የሚያስገባው?

ሰሌክት ዕቃ, ሰም(ብዛት * ዋጋ) አዝ ገቢ
ፍሮም ሽያጭ
ግሩፕ ባይ ዕቃ
ኦርደር ባይ ገቢ ዴስክ
ሊሚት 10;

ዴስክ (DESC) ከትልቁ ወደ ትንሹ ማለት ነው። ይህ ቀላል ነው፣ ግን ከማመናችሁ በፊት ይህን አስኪዱ፦

ሰሌክት ታይፕኦፍ(ዋጋ), ካውንት(*)
ፍሮም ሽያጭ
ግሩፕ ባይ ታይፕኦፍ(ዋጋ);

ዋጋው ምን ዓይነት ሆኖ እንደተቀመጠ ይነግራችኋል። «ኢንቲጀር» ወይም «ሪል» ካለ ቁጥር ነው። «ቴክስት» ያለበት ካለ ቁሙ። አክስቴ ከሺህ በላይ ዋጋ ስትጽፍ ኮማ ታደርጋለች፣ 1,250 ብላ። ኤስኪውላይት ይህን ጽሑፍ እንዲደምር ሲጠየቅ ከፊቱ ያለውን ቁጥር ብቻ ይወስዳል፣ ኮማው ጋ ሲደርስ ያቆማል። 1,250 ብር 1 ብር ይሆናል። ሦስት ጀሪካን ሸጣ 3,750 ያገኘችበት ቀን በ3 ብር ተመዝግቦ ነበር፣ ዘይትም ከዝርዝሩ ግርጌ። መፍትሔው ኮማውን ማንሳት ነው፣ ኤክሴሉ ላይ ቢሆን ይሻላል፣ ካልሆነም ዋጋ የሚለውን በሪፕሌስ(ዋጋ, ',', '') ተኩት።

እኔ ሁልጊዜ አንድ ቀን መርጬ፣ ብዙ ሽያጭ የሌለበት ቀን፣ በካልኩሌተር ደምሬ ከኩዌሪው ጋር አስተያያለሁ። አምስት ደቂቃ ነው።

ደረጃ 7፦ ዱቤው

አሁን ሁለት ሠንጠረዥ እናገናኛለን። አንዱ «ዱቤ»፣ ሌላው «ክፍያ»፣ ሁለቱም እንደ ደረጃ 3 ከሲኤስቪ የገቡ ናቸው፣ ደንበኛ እና ብር የሚሉ ዓምዶች አሏቸው። ጥያቄው፦ ማን ስንት ቀረበት?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሁለቱን በጆይን በደንበኛው ስም አገናኝቶ ከዱቤው ድምር ላይ የክፍያውን ድምር መቀነስ ነው። ምን እንደሚሆን በአንድ ደንበኛ እንየው። ሦስት ጊዜ በዱቤ ወሰደች፦ 300፣ 200፣ 500፣ ባጠቃላይ 1000። ሁለት ጊዜ ከፈለች፦ 400 እና 200፣ ባጠቃላይ 600። ቀሪዋ 400 ነው። ጆይን ግን እያንዳንዱን ዱቤ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ያጋጥመዋል፣ ሦስት በሁለት ስድስት ረድፍ። ዱቤዋ እያንዳንዱ ሁለት ሁለቴ ተቆጥሮ 2000፣ ክፍያዋ ሦስት ሦስቴ ተቆጥሮ 1800፣ ቀሪ 200። ሱቁ 200 ብር አጣ። ሌላ ደንበኛ ላይ ደግሞ ከሚገባው በላይ ዕዳ ይወጣል፣ ያ ደግሞ ጎረቤት ያጣላል።

መፍትሔው እያንዳንዱን ለብቻው ደምሮ፣ ለአንድ ደንበኛ አንድ ረድፍ ካደረጉ በኋላ ማገናኘት ነው። ዊዝ ለዚህ ነው፦

ዊዝ የዱቤ_ድምር አዝ (
  ሰሌክት ደንበኛ, ሰም(ብር) አዝ ጠቅላላ
  ፍሮም ዱቤ
  ግሩፕ ባይ ደንበኛ
),
የክፍያ_ድምር አዝ (
  ሰሌክት ደንበኛ, ሰም(ብር) አዝ ጠቅላላ
  ፍሮም ክፍያ
  ግሩፕ ባይ ደንበኛ
)
ሰሌክት ዱ.ደንበኛ, ዱ.ጠቅላላ - ኮዋሌስ(ክ.ጠቅላላ, 0) አዝ ቀሪ
ፍሮም የዱቤ_ድምር ዱ
ሌፍት ጆይን የክፍያ_ድምር ክ ኦን ክ.ደንበኛ = ዱ.ደንበኛ
ኦርደር ባይ ቀሪ ዴስክ;

ዱ እና ክ እኔ ያወጣሁላቸው አጭር ስም ናቸው። ሌፍት ጆይን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ተራው ጆይን በሁለቱም ሠንጠረዥ ያሉትን ብቻ ነው የሚያመጣው፣ ስለዚህ ምንም ያልከፈለ ሰው ከዝርዝሩ ይጠፋል፣ የምትፈልጉት ግን በዋናነት እሱን ነው። ሌፍት ያስቀረዋል፣ ክፍያው ግን ናል ይሆናል፣ ማለትም ምንም። ከቁጥር ላይ ናል ሲቀነስ መልሱ ናል ነው፣ ቁጥሩ እንዳለ አይቀርም። ኮዋሌስ (COALESCE) «ናል ከሆነ 0 በል» ይላል።

ናልን ስትፈልጉም = አይሠራም፣ ኢዝ ናል ነው የሚባለው። ደግሞ ናልና ባዶ ጽሑፍ አንድ አይደሉም፤ «ብራውዝ ዳታ» ታብ ላይ ናሉ ደብዘዝ ብሎ ናል ተብሎ ይታያል፣ ባዶ ጽሑፉ ባዶ ነው።

ፍተሻው፦ የሁሉንም ዱቤ ድምር ለብቻ፣ የሁሉንም ክፍያ ለብቻ አውጡ፣ ልዩነታቸው ከቀሪው ዓምድ ድምር ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ብዙውን ጊዜ ክፍያ ውስጥ ያለ ስም ዱቤ ውስጥ በሌላ ፊደል ተጽፏል። ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

ደረጃ 8፦ መረጃ መቀየር

እስካሁን ያደረግነው ሁሉ ማንበብ ነው፣ ምንም አያበላሽም። አፕዴትና ዲሊት ግን ይቀይራሉ። መጀመሪያ ፕሮግራሙን ዝጉና የዳታቤዙን ፋይል ገልብጡ፣ ስሙ ላይ ቀኑን ጨምሩበት።

ሣሙናን ወደ ሳሙና እንመልስ። በቅድሚያ በሰሌክት፦

ሰሌክት ካውንት(*) ፍሮም ሽያጭ
ዌር ዕቃ = 'ሣሙና';

14 አለ እንበል። አሁን ዌሩን ሳትነኩ ከላይ ያለውን ብቻ ቀይሩ፦

አፕዴት ሽያጭ
ሴት ዕቃ = 'ሳሙና'
ዌር ዕቃ = 'ሣሙና';

መልእክቱ 14 ረድፍ ተነካ ማለት አለበት። ካለ «ራይት ቼንጅስ» የሚለውን ተጫኑ፣ ኮንትሮል+ኤስም ያው ነው። እስከዚያ ድረስ ፋይሉ ላይ አልተጻፈም፤ ሌላ ቁጥር ካያችሁ «ሪቨርት ቼንጅስ» በሉ፣ ሁሉም ይመለሳል።

አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ኤፍ5 ስትጫኑ በማውስ የተመረጠ ጽሑፍ ካለ ፕሮግራሙ የሚያስኬደው የተመረጠውን ብቻ ነው። ይህ ሲያነቡ ምቹ ነው፣ ከብዙ ኩዌሪ አንዱን መርጦ ለማስኬድ። እኔ የዘይትን ዋጋ ልቀይር አፕዴቱን ጻፍኩ፣ ሁለቱን መስመር በማውስ ይዤ ነበር፣ ዌሩ ከምርጫው ውጭ ቀረ። ኤፍ5። ያለ ዌር የሄደ አፕዴት ሁሉንም ረድፍ ይነካል። በሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ በሙሉ፣ ክብሪቱም ጨውም፣ የዘይት ዋጋ ያዘ፣ እና እጄ ልማድ ሆኖበት ኮንትሮል+ኤስን ተጫነ። የዳነው ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጬው ስለነበር ብቻ ነው፣ የአንድ ቀን ሽያጭ እንደገና ከደብተር አስገባን። ከዚያ ወዲህ አፕዴትን ለብቻው በአዲስ ታብ ነው የምጽፈው፣ የነካውን ረድፍ ብዛት ጮክ ብዬ ሳላነብም ሴቭ አላደርግም።

ደረጃ 9፦ ማስቀመጥ

የዱቤ ቀሪው ኩዌሪ በየሳምንቱ ስለሚያስፈልግ ቪው አድርጋችሁ አስቀምጡት። ኩዌሪውን ካስኬዳችሁ በኋላ ከላይ ባለው መሣሪያ መስመር ላይ ውጤቱን ማስቀመጫ አለ፣ ከሱ ውስጥ «ሴቭ አዝ ቪው» በሉና «ቀሪ_ዕዳ» ብላችሁ ሰይሙት፣ ከዚያ ራይት ቼንጅስ። ከአሁን በኋላ ሰሌክት * ፍሮም ቀሪ_ዕዳ ብቻ ይበቃል፣ አዲስ ዱቤ በገባ ቁጥር መልሱ አብሮ ይታደሳል።

እዚያው ቦታ ወደ ሲኤስቪ መላኪያም አለ። ለአክስቴ የምልክላት በኤክሴል ነው፤ ፋይሉን ሁለቴ ነክታ ብትከፍተው አማርኛው ትርጉም የሌለው ምልክት ሊሆንባት ስለሚችል ኤክሴልን ከፍታ ዳታ፣ ከዚያ ፍሮም ቴክስት ሲኤስቪ ብላ እንድታስገባው፣ ፋይል ኦሪጅን የሚለው ጋ ደግሞ 65001 ዩቲኤፍ-8ን እንድትመርጥ አሳይቻታለሁ። አሁን ዱቤውን እያተመች መደርደሪያው ጎን ትለጥፈዋለች።